የእትዬ ታየች ፊት

«በቃ ተይው ነጅማ፣ ፊታቸው ምንም አይናገርም» አለ ዳይሬክተሩ በዕውቀቱ፣ ከታች ካለው የብረት ሥራ ቤት ጫጫታ በላይ ጮክ ብሎ። «ሌላ ተዋናይት ፈልገን እንደ አዲስ እንቀርጻለን። ጠርቻቸዋለሁ፤ ዛሬውኑ ልንገራቸውና ይውጣልኝ።»

ፊልሙን የምታቀናብረው ነጅማ ዓይኗን ከሥራዋ አላነሣችም። ከኮምፒውተሩ ስክሪን ውስጥ እትዬ ታየች ያዩዋታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመድረክ ላይ ሰው ሲያስቁና ሲያስለቅሱ የኖሩ ሴት ናቸው። አምና ስትሮክ መታቸው። እጅና እግራቸው ሲድን ፊታቸው ግን እምቢ አለ፤ አይስቅ፣ አይኮሳተር። በፊልሙ ውስጥ ልጇ የታሰረባትን እናት ሆነው ሲጫወቱም ያው ናቸው፤ ቀና ብለው ያያሉ፣ አንዴ ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ በቃ።

«ና እስቲ ቁጭ በል» አለችው ነጅማ። ከጠዋት ጀምራ ስትቆርጥና ስትገጣጥም የቆየችውን ከፈተችለት። «ምንም ሳትናገር እየው።»

መጀመሪያ የልጁ ባዶ አልጋ ታየ። ቀጥሎ የእትዬ ታየች ፊት።

በዕውቀቱ ከንፈሩን መጠጠ።

ከዚያ ልጁን ያሳሰረው ጎረቤት መጣ። ምንም እንዳልሠራ ፈገግ ብሎ ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። ቀጥሎ ፊታቸው።

«ኧረ! በዓይናቸው ሊበሉት ነው እኮ!» አለ በዕውቀቱ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ።

በመጨረሻ ልጁ ራሱ፣ ተፈትቶ፣ ከስቶ፣ በሩን ከፍቶ ቆመ። ቀጥሎ ፊታቸው።

በዕውቀቱ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ቆይቶ፣ «ይሄን ሁሉ መቼ ቀረጽነው?» አላት። «እንዲህ አድርገው ሠርተውልኝ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አልደበቅኩህም። አንድ ቀረጻ ነው።»

«አትቀልጂ!»

ነጅማ ሦስቱን ፊቶች ጎን ለጎን ደረደረችለት። ከሻሻቸው ሥር ያፈተለከችው ሽበት ያችው፣ የዓይናቸው አከዳደን ያው። ሐዘኑም፣ ቁጣውም፣ ደስታውም ከአንድ ፊት የወጣ ነበር። በዕውቀቱ አንዱን ከሌላው እያስተያየ አፉን ከፍቶ ቀረ። የነጅማ ልብ በኩራት ይመታ ነበር።

«እስቲ ለእኔም ድገሚልኝ ልጄ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ተሰማ።

ሁለቱም ደንግጠው ተነሡ። እትዬ ታየች በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደገቡ ያየ የለም። ነጅማ ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ ከአልጋው ጀምራም አሳየቻቸው። ልጁ በሩን ከፍቶ ሲቆም እትዬ ታየች እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ጉንጭ በስክሪኑ ላይ ነኩ።

«አየሽ፣ እኔ እኮ ውስጤ አለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ያየኛል ብዬ ነበር እንጂ።»

ነጅማ እጃቸውን ያዘች።

እትዬ ታየች ወደ በዕውቀቱ ዞሩ። «አንተስ፣ የምነግርዎት ነገር አለ ብለህ አልነበር የጠራኸኝ?»

በዕውቀቱ ነጅማን አየ፣ መሬቱን አየ። «አዎ እትዬ፣ ይኸው... ነገ ቀረጻ አለ፣ በጠዋት እንዲመጡ ልልዎት ነው።»

«ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ደረጃ ያስወጣኸኝ? በስልክ አትነግረኝም ነበር?»

ፊታቸው እንዳለ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይርገፈገፍ ነበር።