በቁመቱ ልክ

ቀለሃው ከአፈሙዙ ላይ ተንከባሎ ደረቁ አሸዋ ላይ ወደቀ።

«እንደገና» አሉ ባሻ አባይነህ። ጎንበስ ብለው ባዶውን ቀለሃ አነሡና ሽጉጡ ጫፍ ላይ መልሰው አቆሙት። «ቃታውን አትንጠቂው። ቀስ እያልሽ ጭመቂው፤ መቼ እንደሚተኩስ ራስሽም እንዳታውቂ።»

ሰገነት እጇን ዘረጋች። ትንፋሿን ሳበች፣ ግማሹን ለቀቀች፣ ጨመቀችው። ባዶው ሽጉጥ ቀጭ አለ። ቀለሃው ንቅንቅ አላለም።

«አሥራ አንድ» አሉ ባሻ። «ሃያ ሳይሞላ ጥይት አላጎርስልሽም።»

ከከተማው ኤረር በር ወጣ ብሎ፣ ከግንቡ ሥር ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ እንዲህ ሲያደርጉ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። አትክልት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚገቡት ሴቶች መጀመሪያ ሰሞን ቆም እያሉ ያዩዋቸው ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ከሰሙ ወዲህ ግን በሌላ መንገድ ይዞራሉ።

ሰገነት አንድ ልጇን ኪዳነወልድን በጥር ቀበረች። የገደለው አብሮ አደጉ ተክለጻድቅ ነው፤ ጠጅ ቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ፣ በአንድ ጥይት። ዳኛው እንደ ዘመኑ ሕግ ገዳዩን እንዲገድለው ለሟች ወገን አሳልፈው ሲሰጡ፣ «ደሙን የሚመልሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የሞተው ባሏ ወንድም ዓለሙ ሊነሣ ሲል እሷ ቀደመችው። «እኔ ነኝ። የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች። ጠመንጃ ስለሚከብዳት በባሏ ሽጉጥ እንድትተኩስ ተፈቀደላት። ሽማግሌዎች ካሳ ተቀብላ እንድትምረው ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በሯን አልከፈተችላቸውም። ቀኑ ነገ ነው።

ሃያው ሲሞላ ባሻ አንድ ጥይት አጎረሱላት። ዒላማው አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ቁልቋል ነው። ተኮሰች። የወንዙ ገደል አስተጋባ። ከታለመው ቦታ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ የቁልቋሉ ነጭ ወተት መንጠባጠብ ጀመረ።

«ወደ ታች ይስበኛል፤ ምን ላድርግ ባሻ? ያሳዩኝ እንጂ።»

«ሽጉጡ አይደለም የሚስብሽ፣ አንቺ ነሽ የፈራሽው። ሆዱን ነው የመታሽው። በዚህ ከሆነ እስከ ማታ ይጮኻል።» ኪሳቸውን ዳበሱ። «የቀረን ሁለት ጥይት ነው። አንዱ የነገ ነው።»

ሰገነት የሚንጠባጠበውን ወተት አየች። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ቢሏት «ይጩህ» ትላቸው ነበር።

ከኋላቸው ኮቴ ተሰማ። ብርነሽ ናት፤ የተክለጻድቅ እናት። ሸዋ በር አጠገብ ከሰገነት ጋር አጥር ለአጥር ተያይዘው ሃያ ዓመት ኖረዋል። ከጥር ወዲህ ግን ቃል አልተነጋገሩም። ባሻ ፈጠን ብለው በሁለቱ መካከል ገቡ።

«ልለምናት አልመጣሁም ባሻ» አለች ብርነሽ። «እሱን ሽማግሌዎቹ ሞክረውታል።» የቀሚሷን መቀነት ፈትታ አራት ጥይት አወጣች፤ በመዳፏ ዘረጋቻቸው። «ለዚህ ሽጉጥ ይሆናል ብለውኛል። እስኪመሽ ተለማመጅበት።»

ሰገነት ጥይቶቹን አየች እንጂ አልነካቻቸውም። «ምን ማለትሽ ነው?»

«አምና በጥይት የተደበደበውን ሰው ረሳሽው? አምስቴ ነው የተኮሱበት። በአራተኛው ገና እናቱን ይጣራ ነበር።» መዳፏን ወደ ሰገነት አስጠጋች። «የኔን በአንድ ጨርሺልኝ።»

ሰገነት አፈሙዙን ወደ አሸዋው ዝቅ አደረገች። ከዚያ ለራሷም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ፣ «ብተወውስ?» አለች። «ነገ ዳኛው ፊት ቆሜ ምሬዋለሁ ብልስ?»

ብርነሽ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ ወዲያው ጠፋ።

«ዓለሙ አለ» አለች። «የተፈረደው ለቤተሰቡ ነው። አንቺ ብትተዪው እሱ አይተወውም፤ በታቦት ምሏል። ጠጥቶ ነው የሚመጣው፣ እጁም አይረጋም። ለልጄ የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

በሯን ሳትከፍትላቸው ውጭ የቀሩትን ሽማግሌዎች ሰገነት በልቧ ቆጠረቻቸው። ሰባት ነበሩ። ባሻ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

ብርነሽ ጥይቶቹን ባሻ እጅ ላይ አስቀምጣ ወደ ቁልቋሉ ሄደች። ወተቱ የሚወርድበትን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ጀርባዋን ለቁልቋሉ ሰጥታ ቆመችና እጇን ከአናቷ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አደረገች። «እስከዚህ ይደርሳል።» ከዚያ ወደ ታች ለካች። ነጠላዋን አውልቃ በለካችው ቦታ ዙሪያውን አሰረችው፤ ቋጠሮውን ወደ ሰገነት አዞረችው።

«ልቡ እዚህ ጋ ነው። ሲያቅፈኝ ጆሮዬ ላይ ነው የሚመታው።»

ከቁልቋሉ ፈቀቅ አለች። ባሻ አንድ ጥይት አጎረሱ።

ሰገነት አነጣጠረች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቁልቋል ነበር፤ አሁን ትከሻ አለው። ትንፋሿን ሳበች፣ ግማሹን ለቀቀች፣ ጨመቀች። ቋጠሮው ተበጠሰ።

ብርነሽ ሄዳ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። ነጠላውን እዚያው ቦታ ላይ ደግማ አሰረችው፤ በደንብ አጠበቀችው።

«እዚሁ ጋ» አለች። «ድገሚው።»

ባሻ ሌላ ጥይት አጎረሱላት፤ ሰገነት ሽጉጡን አነሣች። በዚህ ጊዜ ክንዷ እምቢ ብሎ ወረደ። ብርነሽ ተመልሳ መጥታ ከጎኗ ቆመች። ክንዷን ከሥር ደገፈችላት፤ ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገችው፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።