የዝምታ ነጥብ

ምንትዋብ የድስቱን ክዳን በፎጣ ይዛ ቀስ ብላ አነሳችው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በፈተና ብቻ መሆኑ ከቀረ ወዲህ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ "ጆሮ" የሚሉት መሣሪያ ይገጠምለታል። በቤቱ ውስጥ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ቀይ መብራቱ ብልጭ ይልና ከልጁ ውጤት ላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በሹክሹክታ ኖሩ። ባሏ ደረሰ ሳል ሲመጣበት ትራስ ላይ ይደፋል። ትንሿ ልጃቸው ብሌን አፏን የፈታችው በዚሁ ዓመት ነው።

ዛሬ ጆሮው ይዘጋል። ትልቋ ልጃቸው ረድኤት ግን የማለፊያው መቁረጫ ነጥብ ጫፍ ላይ ናት፤ አንድ ጩኸት ከተሰማ አበቃላት። ደረሰ ድስቱን ላውርድ ሲል እጁን ተቃጠለ። ከንፈሩን ነክሶ ተንሰፈሰፈ እንጂ ትንፍሽ አላለም። ምንትዋብ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀምጣ በፍርሃት ግድግዳውን አየች። መብራቱ ብልጭ አላለም።

ጥቂት ቆይቶ መሣሪያው ጠፋ። ረድኤት ስልኳን አየች።

"እማ፣ አልፌያለሁ" አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ።

"ጮክ በያ ልጄ! አለቀ እኮ!" አለ ደረሰ፣ በሻከረ ድምፅ።

ምንትዋብ እልል ማለት ስትጀምር፣ ብሌን በድንጋጤ ሮጣ የእናቷ ጉልበት ላይ ወጣችና አፏን በትንሽ መዳፏ ከደነችው።

"እማ፣ እሽሽ" አለች። "ረዱ ትወድቃለች።"