ስምንት ቀን

የጤና ጣቢያው ሲስተር በነፍሰ ጡሯ ካርድ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኦቨርዲው» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ቃሉን ከዩኒቨርሲቲ ታውቀዋለች፤ ቀኑ አልፎ ላልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚባል ነበር። ለሆድ ውስጥ ልጅም እንደሚባል አታውቅም ነበር።

«የመውለጃ ቀንሽ ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖታል። ዛሬውኑ ሆስፒታል እልክሻለሁ፤ ምናልባት በኦፕራሲዮን ይወጣል።»

ልጅቷ በሁለት እጇ የምርመራ አልጋውን ጠርዝ ጨመደደች። አምና ጎረቤቷ እንዲሁ ቀኑ አልፎባት ሄዳ ባዶ እቅፏን ነበር የተመለሰችው።

«ምን አለችሽ፣ ልጄ?» አሉ አብረዋት የመጡት አማቷ።

«ዘግይቷል አለችኝ፣ እማዬ።»

«ይዘግያ! አባቱስ መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል? ዛሬም ለምሳ አይደርስም!» ብለው ቀለዱ።

ሲስተሯ የሆስፒታሉን መላኪያ ወረቀት መሙላት ጀመረች። «የመጨረሻውን የወር አበባ ያየሽው መቼ ነበር?»

ልጅቷ ከመመለሷ በፊት አማቷ ቀደሙ።

«የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ነዋ! እኔ ስለቴን ሳስገባ እሷ ልማዷ መጥቶባት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ስትጠብቀኝ አልነበር?»

ሲስተሯ መጻፏን አቆመች። ካርዱን ገልብጣ አየች።

«መጀመሪያ ስትመጪ ዲሴምበር አሥራ ዘጠኝ ብሎ እዚህ የሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝን በእንግሊዝኛ ልጻፈው ብዬ...»

«የታኅሣሥ ገብርኤል በፈረንጅ ዲሴምበር ሃያ ስምንት ነው የሚውለው፣ እህቴ። ዘጠኝ ቀን አስቀድመሽዋል፤ ቀንሽ ገና ነገ ነው።»