ሰባት ቤት ሲቆጠር

እናትየው ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ የፈራችው ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ የሙሽራውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ባሏም የራሱንና የእሷን ቆጠረ። አንድም ስም አልተገናኘም።

«እንግዲህ ዝምድና የለም። ልጃችንን ሰጥተናል» አለ ባሏ። እሷም በረጅሙ ተነፈሰች።

ማዕድ ቀረበ። የሙሽራው አባት ጉንጫቸው የሰረጎደ፣ አገጫቸው አፍንጫቸውን ሊነካ የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አወጡ።

«ድዴን ስለሚያቆስለኝ ለምግብ ብቻ ነው የማደርገው» ብለው ዞር አሉና አጠለቁት።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆነ። የተጨማደደው ጉንጭ ተወጠረ፤ ሰፊው መንጋጋ ወጣ። እናትየው የበሩን መቃን ያዘች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ በወረደ ጊዜ መንደራቸው ውስጥ መንገድ ሲያሠራ የከረመው ሰውዬ ነው። ያኔ ሁሉም «ካቦ» ብቻ ይሉት ነበር።

ልጅቷ እጃቸውን ልታስታጥብ ጎንበስ አለች። ሁለቱ ፊቶች ጎን ለጎን ሆኑ።

የእናትየው ባል ከት ብሎ ሳቀ።

«ኧረ ነይ እዪ!» አላት። «መንጋጋዋን ተመልከቺ! ገና ሳትገባ ቁርጥ አማቷን መሰለች!»