ባዶው ዱቄት

ኦክራን ወደ ፕሮፌሰር ናምጉንግ ቢሮ ስትገባ ጎመን በጨው ሲዘፈዝፍ የከረመ እጇ ገና አልዳነም። የስምንት ዓመት ልጇ ቴዩል ጡንቻው እየከሳ ነው፤ ደረጃ መውጣት ካቃተው ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ለበሽታው አዲስ መድኃኒት አለ ሲባል አምራቹ ኩባንያ የመድኃኒቱን ዱቄት እሰጣለሁ እንጂ የምርምሩን ወጪ አልሸፍንም አለ፤ መንግሥትም የበሽተኞቹን ቁጥር ማነስ አይቶ ፊቱን አዞረ። ወጪውን የሸፈኑት የጆንጁ ከተማ እናቶች ናቸው፤ ሦስት መኸር ሙሉ ኪምቺ የሚባለውን በበርበሬ የተለወሰ ጎመን እየሠሩ ሸጠው።

«እጣ ነው ያሉኝ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«አዎ፣ እጣ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሃያ አራት ልጆች አሉን። አሥራ ሁለቱ መድኃኒቱን ይወስዳሉ፤ አሥራ ሁለቱ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ዱቄት። የሚመርጠው ኮምፒዩተር ነው። ማን የቱን እንደሚወስድ እኔም አላውቅም።»

«እጃችን እስኪላላጥ ጎመን ያጠብነው ለባዶ ዱቄት ነው?»

«ማወዳደሪያ ከሌለን መሥራቱን በምን እናውቃለን?»

«የአምናው መዝገብ አለ አይደል? ቴዩል ስንት ደረጃ ይወጣ እንደነበር የጻፉት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ጋር ያወዳድሩት። ልጄን ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ማወዳደሩን ምን አመጣው?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የቴዩል እናት፣ እኔም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ሲፈልጉት ደግሞ ዓይን ያታልላል። ሁለት ጊዜ ተታልያለሁ።»

ንዴቷ አልበረደም። ቢሆንም ፈረመች። ያልፈረመች እናት ልጅ ባዶውንም አያገኝም።

ዱቄቱ በትንንሽ የወረቀት ፓኬት ታሽጎ ሰኞ ሰኞ ይሰጥ ጀመር። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ባዶ ፓኬቶቹ ይመለሳሉ፣ ነርሷም አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ኦክራን የመጀመሪያውን ቀድዳ በጣቷ ቀመሰችው። የሩዝ ዱቄት ሆነባት።

ቴዩል በውሃ ዋጥ አደረገውና፣ «እማ፣ አሁን ደረጃ እወጣለሁ?» አላት።

መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ልጇ እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ልጅ ማየት አልቻለችም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሌላዋ ታማሚ የሶዪ እናት ልጇን ደግፋ ስታልፍ፣ እውነተኛው ለእነሱ ደርሷቸዋል ብላ ታስባለች። ሰላምታዋንም እየሸረፈች መስጠት ጀመረች።

ኅዳር ላይ የኪምቺ መሥሪያው ቀን ደረሰ። እናቶቹ እንደ ልማዳቸው በማኅበራቸው አዳራሽ ተሰብስበው፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው በትልቁ ገንዳ ዙሪያ ተቀመጡ። ኦክራን ጎመኑን እያነሳች ታፈርጠዋለች።

«ጎመኑ ምን አደረገሽ?» አሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ሱንናም።

«ልጄ የሚጠጣው ባዶውን ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ቀምሼዋለሁ። ዱቄት ነው።»

የሶዪ እናት ቀና አለች። «የእኛም ዱቄት ነው። እኔ እንደውም ለቴዩል ነው የደረሰው ብዬ ሁለት ሳምንት አኩርፌሻለሁ። አላወቅሽም?»

«እኔም እኮ አንቺን አኩርፌ ነበር።»

ከገንዳው ወዲያ ሌላዋ የእኛም አለች፤ ከዚያ ሌላዋ። ሃያ አራቱም እናቶች ባዶው የደረሰው ለእኔ ልጅ ነው ብለው ኖሯል። አንዷ ሳቀች፣ ሁለቱ አለቀሱ።

እትዬ ሱንናም ጓንታቸውን አወለቁ። «በዚህ አዳራሽ ያንቺ ጎመን፣ የእኔ ጎመን ተባብለን እናውቃለን? የማን በርበሬ ሳሳ፣ የማን ጨው በዛ ብሎ የጠየቀ አለ? ሁሉም አንድ ገንዳ ይገባል፣ ይለወሳል፣ እኩል እንካፈላለን። ልጆቻችን ከጎመን ያንሳሉ እንዴ?»

«ግማሹም ቢሆን ከምንም ይሻላል» አለች ኦክራን።

ከዚያን ሳምንት ጀምሮ ሰኞ በመጣ ቁጥር ፓኬቶቹ ሁሉ ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ተቀድደው ተገለበጡ። ዱቄቱ ተደባለቀ፣ በማንኪያ እየተለካ በሃያ አራት ብልቃጥ ተከፈለ። ባዶ ፓኬቶቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ነርሷ ቆጠረች፤ አንድም አልጎደለም።

«እንደ እናንተ ያለ ደንብ አክባሪ አይቼ አላውቅም» አለች። ኦክራን መሬት መሬቱን አየች።

መጋቢት ላይ ቴዩል አራት ደረጃ ወጣ። ግንቦት ላይ ሁለተኛው ፎቅ ደርሶ ከላይ እናቱን ተጣራ። ሶዪ ያለ ድጋፍ መሄድ ጀመረች። የሌሎቹም ልጆች ይብዛም ይነስ ለውጥ ነበራቸው። ኦክራንን ሌት ተቀን የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የተነቃባቸው ቀን ከሙከራው ይባረራሉ፣ ዱቄቱም ይቀራል። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ፣ «ድርሻውን በትክክል ይወስዳል?» ሲሏት፣ «በትክክል» ብላ ቶሎ ወጣች።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ኦክራን ለፕሮፌሰሩ የሩዝ ኬክ ይዛ መጣች። አዳራሹ ሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

«እትዬ ሱንናም፣ ነቅተውብናል» አለች ኦክራን በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። የሚጠየቅ ነገር ካለ መልሱን ለእኔ ተዪው።»

ፕሮፌሰሩ መድረኩ ላይ ቆመው እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ ቀና ለማለትም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «ልጆቹ ተሽሏቸዋል፤ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ትናንት ግን ማን የቱን ዱቄት እንደወሰደ የሚያሳየው የኮምፒዩተሩ መዝገብ ተከፍቶ ታየ።»

ኦክራን የእትዬ ሱንናምን እጅ ጭብጥ አደረገች።

«ባዶው የደረሳቸው አሥራ ሁለቱ ልጆች መድኃኒቱ ከደረሳቸው እኩል ነው የተሻሻሉት፤ ስለዚህ ልጆቹን የረዳቸው የእናንተ እንክብካቤ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፣ ኩባንያውም ከዛሬ ጀምሮ ማምረቱን አቁሟል።»