የወንዝ ዳሩ ምሽግ

ማተቤ ቀን ቀን መተማ ዮሐንስ ላይ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ሲመሽ ንጉሥ ነው።

ግዛቱ ደራሎ ይባላል፤ ያለውም ስልኩ ውስጥ ነው። ጠንቋዮችና ክንፍ ያላቸው ፈረሶች ያሉበት ጨዋታ ነው። ከወንዙ ማዶ ጎረቤቱ ሳቢር አለች። ጨዋታው ሰውን የሚመድበው ስልኩ ያለበትን አገር እያየ ስለሆነ፣ ከድንበሩ ድልድይ ወዲህ ያለ ሁሉ ደራሎ፣ ከሱዳኗ ጋላባት ወዲያ ያለ ሁሉ ሳቢር ይሆናል። ሁለቱ መንግሥታት ድሮ ይነግዱ፣ ይላላኩ ነበር። ድንበሩን የዘጋው ማተቤ ነው።

የዘጋበት ምክንያት ግን ጨዋታ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ሸዋዓለም ትራክተር ሊነዳ ገዳሪፍ በሄደ በዓመቱ ሱዳን በጦርነት ታመሰች። አብረውት የነበሩ ሠራተኞች ተመልሰው፣ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፍቶብን ተበታተንን፣ እሱን ከዚያ ወዲህ አላየነውም አሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ማተቤ ወንድሙን በልቡ ከቀበረው ቆይቷል። እናታቸው እትዬ ውቢት ግን በዐይኑ ያየ ሰው መጥቶ ካልነገረኝ ጥቁር አልለብስም ብለው፣ የሞቱን ወይም የደኅንነቱን ወሬ የሚያመጣላቸውን ሰው ሲጠብቁ ይውላሉ። እንዲህ ያለ መጠበቅ ከመርዶ ይከፋል። ማተቤም ንዴቱን የሚወጣበት ቢያጣ ማዶ ያለውን ሁሉ ጠላት አደረገው። ከሳቢር የሚመጣ መልእክት ደራሎ እንዳይገባ አዘዘ። ድንበር ሲዘጋ የማዶ ሰው ስሙ እንኳ አይታይም፤ የሚታየው ባንዲራው ብቻ ነው።

የደራሎ የጦር አበጋዝ ሷሊህ ነበር። ገበያው ዳር ስኳርና ፓስታ ይሸጣል፤ አጎቶቹ ጋላባት ናቸው። ምሽት ምሽት ሁለቱ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ክረምቱ ሲገባ ሳቢር ውስጥ አንድ አዲስ ሰው ብቅ አለ። ወንዙ ዳር፣ ልክ ከማተቤ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ትንሽ ምሽግ ሠራ። ወታደር አላቆመበትም። ሲመሽ እሳት ያነዳል፣ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ከድንበር ይመለሳል። በማግስቱም እንደዚያው።

ማተቤ ሰላይ ነው ብሎ ደመደመ። ባዶ እጁን ንጉሥ ፊት የሚቀመጥ ሰው ከጀርባው ጦር ቢኖረው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለሷሊህ ነገሩ አልተዋጠለትም። ሰሊጥ እርሻ መካከል ያደገ ነውና የበረሃውን ወግ ያውቃል። መንገድ ላይ የመሸበት እንግዳ የሰው ካምፕ ውስጥ ዘው አይልም። ጥበቃው እንዳይተኩስበት ርቆ ይቆማል፣ እሳት ያነዳል፣ እስኪጠሩት ይጠብቃል።

«መምህር፣ ይሄ ሰው ጥሩኝ እያለ ነው» አለ። «መልእክቱን ብቻ ክፈትለት። ክፉ ከሆነ መልሰህ ትዘጋዋለህ።»

«አንተማ ዘመዶችህ ማዶ ናቸው። ሰውየውን ሳታውቀው አትቀርም።»

ሷሊህ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሱቁን ያለ ሰዓቱ መዝጋት ጀመረ። ሸዋዓለም የጠፋ ሰሞን ድልድዩን እየተሻገረ ሲያጠያይቅ የከረመው ይኸው ሰው ነው። ማተቤ ይህን አልረሳውም። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በጎውንም ያገማዋል፤ ያን ጊዜስ ማዶ ምን ሲሠራ ነበር የከረመው ያሰኘው ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሆኖ ብቻውን ይጫወት ጀመር። ሷሊህን ከአበጋዝነት ሻረው። በተሻረ ማግስት የማዶው ሰው አንዱን እሳት ሁለት አደረገው። ማተቤ ይኸው ተጠቃቀሱ አለ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም።

አንድ ቅዳሜ፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ባለ ክንፍ ፈረሶቹን አስነሥቶ ወንዙን ተሻገረ። ምሽጉ አልተከላከለም። በሩም ክፍት ነበር። ማተቤ ትንሽ ቅር አለው፤ ቅር ያለው ግን ድሉ ስለቀለለበት ነው። አቃጠለው። በጨዋታው ሕግ ምሽጉ የተቃጠለበት አዲስ ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

እትዬ ውቢት ከጓዳ ምን አግኝተህ ነው ፊትህ የፈካው ብለው ጠየቁት። የሸዋዓለምን ደም በትንሹ መለስኩ ሊላቸው አሰበና ተወው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሷሊህ ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ማተቤን ቀና ብሎ አላየውም። ዓሊ የሚባል የወሎ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ድልድዩ ላይ አግኝቶ ይዞት መጥቷል። እትዬ ውቢት የእንግዳውን ፊት ገና ሲያዩ ገባቸው። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ተቀመጡ።

ዓሊ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። ሸዋዓለም ከተኩሱ ተርፎ ነበር። እግሩን ተመትቶ፣ ከጋላባት ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ከእነ ዓሊ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ክረምቱን ተኝቶ ከረመ። ስልኩን ተኳሾቹ ነጥቀውታል፤ የማንንም ቁጥር በቃሉ አይዝም። እነ ዓሊም የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ከመንደሩ መውጣት ይፈሩ ነበር። በጋላባት የሚታወቅ አንድ ሰው ቢመጣለት ግን በአህያ ጋሪ በግማሽ ቀን መተማ ይገባ ነበር። ቁስሉ ሲያመረቅዝም ተስፋ አልቆረጠም። በመጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰም። በዚያው ሳምንት ቀበሩት።

እትዬ ውቢት አላለቀሱም።

«ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ፣ አንድ ቃል እንኳ አይልክብኝም?»

«ልኳል እንጂ፣ እማማ» አለ ዓሊ። «እኛ ጨዋታ ነው የያዘው ብለን እንስቅበት ነበር፤ እሱ ግን ማታ ማታ ስልኬን እየተዋሰ፣ ወንድሜን እየጠራሁት ነው ይለን ነበር።»