የአሥር ሰከንዱ ገጽ

«ሰማያዊው ገጽ መጣልሽ?» አሉ ፓክ ማርዮኖ በስልክ።

«አዎን፣ ፓክ» አለች ወኒንግ።

«ያልኩሽን አደረግሽ?»

«አዎን፣ ፓክ።»

«እሰይ! እንግዲህ የኮምፒውተርሽ ካርድ ይሠራል።»

«አዎን፣ ፓክ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ካርዱ አልሠራም።

ገጹስ በእርግጥ መጥቶ ነበር፤ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠይቋት፣ እሷ አፍጥጣ ስታየው፣ አሥር ሰከንድ ቆይቶ ሄደ። ግን ሰውየው አንድ ጊዜ አስረድተዋታል። የስልክ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ በማገላንግ ከተማ ዙሪያ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የታመመበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ለእንዲህ ያለ፣ አገሩ ሁሉ «ፓክ»፣ አባባ፣ ለሚለው ሽማግሌ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት አሳዳጊ የበደለው ያሰኛል። ስለዚህ አዎን አለች።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ደህና ሲሠራ የነበረውን ሊኑክስ በማስረከቢያዋ ቀን፣ በጠዋቱ ተነሥታ አዘመነችው። አላርፍ ያለች ጣት ይባል የለ! ከዚያ ወዲህ ምስል የሚሠራውን የግራፊክስ ካርድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ሦስት ጊዜ ጫነች፤ ኮምፒውተሩ ሦስቴም ካርዱን አላውቀውም አለ። ያለ ካርዱ ደግሞ የካርቱን ፊልሟ አንድ ምስል ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የቀሯት ሁለት መቶ አርባ ናቸው።

በዮግያካርታ ያለው የካርቱን ስቱዲዮ የመቀጠሪያ ፈተና ሥራዋን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላገኘ ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። አሁን አምስት ሰዓት ሆኗል። ካልሆነ ሰኞ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ባታም ደሴት ነው፤ አጎቷ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝተውላታል። ትሄጃለሽ ወይ ሲሏትም አዎን ብላለች። ሌላ ምን ትበል?

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደጁ ላይ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ። ፓክ ማርዮኖ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ የራስ ቁራቸውን ሳያወልቁ ገቡ።

«ውይ፣ ፓክ! ምነው ደከሙ? ይሠራል ብዬዎት...»

«ብለሽኛል። በአንድ ትንፋሽ ሦስት አዎን አልሽኝ። በሦስተኛው ሞተሬን አስነሣሁ። እኔም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ! አለቆቼን አዎን፣ አዎን ስል ነው ጡረታ የወጣሁት።» አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብለው እጃቸውን አጣጠፉ። «እኔ አልነካውም። አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ገጹ ሲመጣ ምን አደረግሽ?»

መሬት መሬቱን እያየች «ምንም» አለች። «አልገባኝም ነበር፣ ፓክ። መጠየቁን ደግሞ አፈርኩ።»

ይቀየሙኛል ብላ ስትጠብቅ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አልሃምዱሊላህ! ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት አንድ ቁም ነገር! ስሚ ልጄ፣ ይሄ ማሽን ዘበኛ አለው። ድራይቨሩን ስትጭኚ የይለፍ ቃል አውጪ አላለሽም? ሲነሣ ዘበኛው 'ይሄን እንግዳ ታውቂዋለሽ?' ብሎ ይጠይቅሻል። ዝም ካልሽው እንግዳውን ከደጅ ይመልስብሻል። እሱ ይሉኝታ አያውቅም። በይ፣ እንደገና ጫኚው።»

ጫነችው። አጥፍታ አስነሣችው። ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ ቶሎ ብላ ቁልፍ ነካች፣ እንግዳውን አስመዝግቢ የሚለውን መረጠች፣ የይለፍ ቃሉን መጻፍ ጀመረች።

«ኧረ ምንም አይጻፍም!»

«ይጻፋል፣ አይታይም እንጂ። ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ፊልሟን ከፍታ ሥራውን ስታስጀምረው የካርዱ ማራገቢያ እየጎረነነ መሽከርከር ያዘ። በሃያ አምስት ሰከንድ አንድ ምስል ወጣ፤ አንዲት ዳክዬ ጎርፍ የዋጠው የሩዝ ማሳ ዳር ቆማለች። ወዲያው ሁለተኛው። ወኒንግ በጣቷ አሰላችና «ሁለት ሰዓት አይፈጅም!» ብላ ጮኸች። እንባዋ መጣ።

ስልኳ ጠራ። አጎቷ ናቸው።

«ወኒንግ፣ ትኬት መቁረጫው ጋ ቆሜያለሁ። ለሰኞ ልቁረጥልሽ፣ አይደል?»

አዎን የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስቱዲዮው ይቀበላት አይቀበላት ገና አታውቅም።

«አይ፣ አጎቴ» አለች። «አይቁረጡልኝ። ባታም መሄድ አልፈልግም። ቀድሜ ስላልነገርኩዎት ይቅርታ።»

ፓክ ማርዮኖ ምንም እንዳልሰማ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ወኒንግ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደ ያዘች ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። አምስተኛው ምስል እየወጣ ነው፤ ዳክዬዋ አንድ እግሯን ከዳሩ አንሥታ ወደ ውሃው ዘርግታለች።